ከዲንሾ እስከ ሐረና፤ የባሌ የድንኳን ማደሪያዎች

ባሌ ተራሮችን በአንድ ቀን አይቶ መመለስ ይቻላል። ብዙ ሰውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው። ሮቤ ወይም ጎባ ሆቴል ያድራል፤ ረፋዱ ላይ በመኪና ወደ ሳነቴ አምባ ይወጣል፤ ቀይ ቀበሮ ከታየው ፎቶ ያነሳል፤ ካልታየውም ጅብራ ከሚባለው ተክል ሥር ቆሞ ፎቶ ይነሳና ከሰዓት በኋላ ይመለሳል። ይህ ግን የባሌን ግማሽ እንኳ ማየት አይደለም። ደጋ አጋዘኑ ከጫካ ወደ ሜዳ የሚወጣው ጎህ ሲቀድና ጀንበር ስታዘቀዝቅ ነው። ጉሬዛ ጫካውን በድምፁ የሚሞላው ሊነጋጋ ሲል ነው። ሳነቴ ላይ ኩሬው በረዶ የሚለብሰው ሌሊት ሲሆን፣ ፀሐይ ወጥታ ትንሽ ሞቅ ሲል ይቀልጣል። እነዚህን ሰዓታት የሚያገኛቸው እዚያው ያደረ ሰው ብቻ ነው፤ እዚያ ለማደር ደግሞ ከድንኳን የተሻለ ቤት የለም።

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ከአዲስ አበባ በስተደቡብ ምሥራቅ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ይገኛል። የተመሠረተው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ስፋቱ 2,150 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2023 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ለድንኳን ተጓዥ ግን ከማዕረጉ ይልቅ የሚጠቅመው አቀማመጡ ነው። በሰሜን የዲንሾና የጋይሳይ ሜዳና የጥድ ጫካ አለ፤ በምዕራብ የዌብ ሸለቆ፤ በመሐል 4,000 ሜትር ገደማ ከፍታ ያለው የሳነቴ አምባ፤ በደቡብ ደግሞ አምባው በድንገት ተቆርጦ ወደ ሐረና ጫካ ይወርዳል። ውርጭ ባለበት አምባ ላይ ቁርሱን የበላ ሰው፣ ምሳውን ቡና በዱር በሚበቅልበት ጥላ ሥር ሊበላ ይችላል፤ መኪናው ከፓርኩ ክልል ሳይወጣ። በአገራችን እንዲህ ያለ ልዩነት በአንድ መንገድ ላይ ተሰልፎ የሚገኝበት ሌላ ቦታ አላውቅም።

ከአዲስ አበባ ሲወጣ በአዳማና በአሰላ አድርጎ በበቆጂ በኩል መሄድ ከሻሸመኔው መንገድ ይልቅ ደስ ይላል። ደራርቱ ቱሉን፣ ቀነኒሳ በቀለንና ጥሩነሽ ዲባባን ያፈራች ከተማ መሐል ታልፎ፣ በአርሲ የስንዴና የገብስ ማሳ በግራና በቀኝ ታጅቦ ዶዶላና አዳባ ይደረሳል። ከአዳባ በኋላ ዳገቱ ይጀምራል፤ አየሩም ይለወጣል። ዲንሾ ሳይደርሱ በመንገዱ ዳር በተዘረጋው የጋይሳይ ሜዳ ላይ ደጋ አጋዘን፣ ከርከሮና ቦሆር የሚባለው የሣር ሜዳ ሚዳቋ ሲግጡ ከመኪና ሳይወርዱ ይታያሉ።

የፓርኩ ጽሕፈት ቤት ያለው ዲንሾ ነው። መግቢያ የሚከፈለው፣ ስካውትና አስጎብኚ የሚያዘው፣ የጭነት ፈረስ የሚጠየቀው፣ የት የት ማደር እንደሚቻል የሚነገረው እዚህ ነው። ቦታው ከባሕር ወለል በላይ 3,100 ሜትር ገደማ ስለሆነ፣ ወደ ሳነቴ ለሚወጣ ሰው የመጀመሪያው ሌሊት እዚህ ቢሆን ይመረጣል። የአዲስ አበባ ሰው ለከፍታ ባዳ ባይሆንም፣ ከአዲስ አበባ ተነስቶ በዚያው ቀን 4,000 ሜትር ላይ የተኛ ሰው ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣት ሊገጥመው ይችላል። ሰውነት አንድ ሌሊት ይፈልጋል፤ ዲንሾ ያንን ሌሊት በጣም በሚያምር ቦታ ይሰጣል።

የዲንሾ የድንኳን ሰፈር ከጽሕፈት ቤቱ አጠገብ ባለው ጉብታ ላይ፣ ያረጁ ጥዶችና የኮሶ ዛፎች መሐል ነው። የኮሶ ቅርፊት እየተላጠ ይንጠለጠላል፤ ቅርንጫፉ ላይ የዛፍ ሽበት ተንጠልጥሎ ይወዛወዛል። ድንኳኑን ከደረቀ ቅርንጫፍ ሥር አለመትከል ነው እንጂ፣ መሬቱ ለስላሳና ካስማ የሚይዝ ነው። ከዚህ ሰፈር የሚገኘው ትልቁ ነገር ጎረቤቱ ነው። ደጋ አጋዘን በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፤ ሳይንስ ስም ያወጣለትም እ.ኤ.አ. በ1910 ነው፤ ይህን ያህል ግዙፍ እንስሳ እስከዚያ ድረስ ሳይመዘገብ መቆየቱ ይገርማል። ተባዕቱ ጠመዝማዛ ቀንዱን ተሸክሞ፣ ጀርባው ላይ ያለውን ፀጉር አቁሞ ሲራመድ ከድንኳኑ የሃምሳ እርምጃ ርቀት ላይ ሊያልፍ ይችላል። ሴቶቹና ግልገሎቹ ከዚያም ይቀርባሉ። የማይሸሹበት ምክንያት አለው። እ.ኤ.አ. በ1991 መንግሥት ሲለወጥ ፓርኩ ጠባቂ አጥቶ በነበረበት ጊዜ አጋዘኖቹ በብዛት ተገድለዋል፤ የተረፉትም በአብዛኛው በዚህ በጽሕፈት ቤቱ ዙሪያ የነበሩት ናቸው። ዛሬ በጥዱ ሥር ተኝተው የሚያመሰኩት የእነዚያ ዘሮች ናቸው። ሲመሽ ባትሪ ወደ ጫካው ማብራትና እየተከተሉ ፎቶ ማንሳት፣ ይህን ለዓመታት የተገነባ መተማመን ማፍረስ ስለሆነ ፈጽሞ አይደረግም።

ከዲንሾ ወደ ምዕራብ፣ በእግር ወይም በፈረስ፣ ወደ ዌብ ሸለቆ ይገባል። መንገዱ በፊንጫ ሐበራ ፏፏቴ በኩል ያልፍና ሶዶታ በሚባለው የድንኳን ሰፈር ያበቃል፤ የበረታ ሰው ደግሞ በማግሥቱ ወደ ራፉና ወደ ጋርባ ጉራቻ ይቀጥላል። ራፉ ቀልጦ የፈሰሰ ድንጋይ ቀዝቅዞ ዓምድ ሆኖ የቆመበት ቦታ ነው። ጋርባ ጉራቻ በረዶ የቆፈረው ጉድጓድ ውስጥ የተኛ ሐይቅ ነው፤ ገደሉ ከላዩ ይከበዋል። እነዚህን ሁሉ በዝርዝር ብጽፍ ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ከሁሉም አስበልጬ ልናገርለት የምፈልገው ከፏፏቴው ጋር ስሙን የሚጋራውን የፊንጫ ሐበራን ዋሻ ነው።

ይህ የድንጋይ ጥላ 3,469 ሜትር ከፍታ ላይ ይገኛል። የአርኪዮሎጂና የአየር ንብረት ተመራማሪዎች እዚያ ቆፍረው ያገኙትን እ.ኤ.አ. በ2019 ሳይንስ በተባለው መጽሔት አሳተሙ። ያገኙትም ከ40,000 ዓመታት በፊት፣ የባሌ አናት በበረዶ በተሸፈነበት ዘመን፣ ሰዎች በዚህ ዋሻ ደጋግመው ያድሩ እንደነበር ነው። በዚህ ከፍታ ላይ ሰው መኖሩን የሚያሳይ ይህን ያህል ያረጀ ማስረጃ ከዚያ በፊት በየትም አልተገኘም ነበር። እሳት አንድደዋል። ለመሣሪያ የሚሆናቸውን ባልጩት ከ4,000 ሜትር በላይ፣ ከበረዶው ጠርዝ አጠገብ ካለ ቦታ እየወጡ ያመጡ ነበር። ምግባቸው ደግሞ በአብዛኛው የባሌው ትልቁ ፍልፈል ነበር፤ የተጠበሰ አጥንቱ በብዛት ተገኝቷል።

ይህን ቦታ የማነሳው ለቁፋሮው ብቻ ብዬ አይደለም። እነዚያ ሰዎች ቦታ ሲመርጡ የተመለከቱትን ነገር ዛሬ ድንኳን የሚተክል ሰውም መመልከት ስላለበት ነው። ዋሻው ነፋስ አይገባውም። ውኃ ቅርብ ነው፤ ግን ከውኃው ዳር አይደለም። ምግባቸው በዙሪያው ባለው ሜዳ ላይ ነው። ከሸለቆው ወለል ከፍ ይላል። ይህ የመጨረሻው ብዙ ሰው የሚዘነጋው ነው። ደጋ ላይ ሌሊቱ ሲጠራ ቀዝቃዛው አየር ከባድ ስለሆነ እየተንሸራተተ ወደ ሸለቆው ወለል ይወርድና እዚያ ይተኛል። ሜዳማና ለምለም መስሎ የታየው የወንዝ ዳር ጠዋት ላይ አመዳይ ለብሶ ነጭ ሆኖ ይገኛል፤ ከእሱ ሃያና ሠላሳ ሜትር ከፍ ብሎ፣ ከድንጋይ ጀርባ የተተከለው ድንኳን ግን ደረቅ ሆኖ ያድራል። ፓርኩ ለድንኳን የመደባቸው ቦታዎች በአብዛኛው ይህን ያገናዘቡ ናቸው፤ በተመደበው ቦታ ውስጥም ቢሆን ግን መሬቱን አይቶ መምረጥ የተጓዡ ሥራ ነው።

ወደ ሳነቴ የሚወጣው በጎባ በኩል ነው። ከዲንሾ ሮቤ፣ ከሮቤ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ጎባ ይደረሳል። ነዳጅ የሚሞላው፣ ጀሪካን ውኃ የሚቀዳው፣ እንጀራና ዳቦ የሚገዛው እዚህ ነው፤ ከዚህ በኋላ ሱቅ የለም። ከጎባ ወደ ዶሎ መና የሚወስደው የጠጠር መንገድ አስታ በሚባለው ዛፍ ጫካ መሐል እየተጠማዘዘ ይወጣና አምባው ላይ ይጥላል። በአፍሪካ ከፍተኛ ከሚባሉት የመኪና መንገዶች አንዱ ነው። ከዋናው መንገድ የሚገነጠለው መንገድ ደግሞ እስከ ቱሉ ዲምቱ ጫፍ ይደርሳል፤ 4,377 ሜትር፤ በደቡብ ኢትዮጵያ ከዚያ የሚበልጥ ተራራ የለም።

ሳነቴ ላይ ዛፍ የለም። የቆመ ነገር ቢኖር ጅብራ ብቻ ነው፤ ለዓመታት ቅጠሉን ብቻ ሲያበቅል ኖሮ አንድ ጊዜ ረጅም የአበባ ግንድ ያወጣል፤ ከዚያ ይሞታል። የቀረው መሬት ላይ የተጠጋ ነው፤ ብርማ ቅጠል ያለው ቁጥቋጦ፣ ድንጋይ፣ ጥልቀት የሌላቸው ኩሬዎች። በደረቁ ወራት ሌሊት ላይ ሙቀቱ ከዜሮ በታች 15 ዲግሪ መውረዱ ተመዝግቧል፤ ቀን ላይ ደግሞ ፀሐይዋ ፊት ትልጣለች። ስለዚህ እዚህ የሚያድር ሰው ለሌሊቱ የክረምት፣ ለቀኑ የበጋ ዝግጅት ያስፈልገዋል። የመኝታ ከረጢቱ ከዜሮ በታች ለሆነ ብርድ የተሠራ መሆን አለበት፤ ጋቢና ብርድ ልብስ ብቻውን አይበቃም። ከሥር የሚነጠፈው ፍራሽ ከላይ ከሚደረበው ይበልጣል፤ ብርዱ የሚመጣው ከመሬት ነውና። የመጠጥ ውኃ ውጭ ካደረ ጠዋት ድንጋይ ሆኖ ይገኛል፤ ጠርሙሱን ከረጢት ውስጥ ይዞ መተኛት ነው። የድንኳኑን መተንፈሻ ብርድ ፈርቶ የዘጋ ሰው ደግሞ የገዛ ትንፋሹ ሸራው ላይ ውርጭ ሆኖ ሲያድር፣ ፀሐይ ስትወጣ ቀልጦ ይዘንብበታል።

ማዕድ ቤቱም ሌላ ነው። 4,000 ሜትር ላይ ውኃ የሚፈላው 87 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ስለሆነ፣ ሽምብራና ባቄላ ቢውልም አይበስልም፤ ሩዝም ይለግማል። እዚህ አባቶቻችን ለመንገድ የሠሯቸው ምግቦች ከማንኛውም የታሸገ ምግብ ይበልጣሉ። በሶ እሳት አይፈልግም። ቆሎ አይበላሽም። ከገብስ ዱቄትና ከቅቤ የሚሠራው የአርሲ ጩኮ ደግሞ በትንሹ ያጠግባል፣ ብርድንም ያስረሳል። ሽሮ ዱቄት ስለሆነ ይበስላል። ከእነዚህ ጋር ሻይ የሚፈላበት ትንሽ የጋዝ ምድጃ ከተያዘ ሌላ ነገር አያስፈልግም።

ጠዋቱ ግን ይህን ሁሉ ይክሳል። ፀሐይዋ መሬቱን መንካት ስትጀምር ፍልፈሎቹ ይወጣሉ። የባሌው ትልቁ ፍልፈል በዓለም ላይ ከባሌ በቀር የትም አይገኝም፤ ክብደቱ ወደ አንድ ኪሎ ይጠጋል፤ ዓይኖቹ ከራሱ አናት አጠገብ ናቸው። ከጉድጓዱ ሙሉ በሙሉ አይወጣም። ግማሽ አካሉን ብቅ ያደርግና በአፉ የሚደርስበትን ሣር እየነጨ ይሰበስባል፤ ያቀፈውን ይዞ ወደ ኋላው ይመለሳል፤ በዙሪያው ያለውን ሲጨርስ ጉድጓዱን በአፈር ይደፍንና ከሥር ሌላ ቀዳዳ ይከፍታል። ብዙ ጊዜ አጠገቡ አንዲት ቡናማ ትንሽ ወፍ ትቆማለች፤ እሱ አፈሩን ሲያገላብጥ የሚወጡትን ነፍሳት ትለቅማለች፤ እሷ ደንግጣ ስትነሳ እሱም ይገባል። ቀይ ቀበሮ ይህን ሁሉ ያውቃል። ሆዱን ወደ መሬት አስጠግቶ፣ ፍልፈሉ አንገቱን ባስገባ ቁጥር ጥቂት እርምጃ እየተራመደ፣ ሲወጣ ደግሞ በቆመበት ደርቆ ይቀርባል። አንዳንዴ ይሳካለታል፣ ብዙ ጊዜ አይሳካለትም። ከድንኳን ደጃፍ ሻይ ይዞ ይህን ማየት፣ በመኪና መስኮት ሦስት ደቂቃ ቀበሮ ከማየት ጋር የሚወዳደር አይደለም።

ቀይ ቀበሮ በዓለም ላይ ያለው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው፤ ለአቅመ መራባት የደረሱት በጠቅላላው 500 ያህል ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ደግሞ በባሌ ይኖራሉ። ከዚህ ቁጥር የተነሳ ነው ወደ ባሌ ውሻ ይዞ መምጣት የማይገባው። ቀበሮውን ከሁሉ በላይ የጨረሰው የውሻ በሽታ ነው። እ.ኤ.አ. በ1991 እና 1992፣ በ2003፣ በ2008 እና በ2014 የእብድ ውሻ በሽታ ባሌ ገብቶ ብዙ መንጋ ፈጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1995 የተቋቋመው የቀይ ቀበሮ ጥበቃ ፕሮግራም በአካባቢው ያሉ ውሾችን ሲከትብ ኖሯል፤ በ2018 ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተደረገ የአፍ ክትባት መስጠት ጀምሯል። በዚህ ትጋት መሐል አንድ ቱሪስት ከከተማ የቤት ውሻውን ጭኖ ቢመጣ የሚያስከትለው አደጋ ከፍተኛ ነው። የምግብ ትርፍራፊ ድንኳን ዙሪያ መጣልም ከዚህ አይለይም፤ የእረኞችን ውሾች ይጠራል፤ ቀበሮውና ውሻው በአንድ አጥንት ላይ ይገናኛሉ።

ከሳነቴ ደቡብ ጫፍ ላይ መኪናን አቁሞ መውረድና ቁልቁል መመልከት ይገባል። አምባው ያበቃል፤ ከሥር እስከ አድማስ ድረስ ጫካ ነው፤ ብዙ ቀን ጉም ይሞላዋል። መንገዱ ከዚህ በተጠማዘዘ ቁልቁለት ይወርዳል። በከባድ ማርሽ፣ ፍሬኑን ሳያሞቁ ነው የሚወረደው። በመጀመሪያ አስታው ይመጣል፤ ከላይ ሳለ ጉልበት የማይደርሰው ቁጥቋጦ እዚህ ዛፍ ሆኖ፣ ግንዱ በአረንጓዴ የዛፍ ሽበት ተጠቅልሎ፣ ከቅርንጫፉ ጠብታ እየወረደ ይቆማል። ቀጥሎ ሪራ የምትባል መንደር አለች። ከዚያ ቀርከሃ፣ ከቀርከሃው በታች ትልልቅ የዝግባና የሌሎች ዛፎች ጫካ፣ ከዚያም ዝቅ ሲል የዱር ቡና።

ካቻ የሚባለው የድንኳን ሰፈር በዚህ ጫካ ውስጥ የሚገኝ የሣር ገላጣ ነው። ለእኔ በባሌ ካሉት ማደሪያዎች ሁሉ የሚበልጠው ይህ ነው። ሳነቴ ላይ በብርድ ለተጨራመተ ሰው የካቻ ሌሊት እረፍት ነው፤ ከነፋሱ ይልቅ የሚሰማው ነፍሳት፣ እንቁራሪትና የሩቅ ውኃ ነው። በዙሪያው የባሌ ጦጣ ይኖራል፤ ከሞላ ጎደል የቀርከሃ ቅጠል በልቶ የሚኖር፣ ከደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይታወቅ ጦጣ ነው። ጫካው አንበሳና የዱር ውሻም አለበት። ይህ ማስፈራሪያ አይደለም፤ ግን ምግብ ድንኳን ውስጥ አያድርም፣ መኪና ውስጥ ተቆልፎ ያድራል፤ ሌሊት ለመውጣት የተገደደ ሰውም ባትሪ ይዞ፣ ስካውቱን ቀስቅሶ ይወጣል። ሊነጋ ሲል ጉሬዛዎቹ ይጀምራሉ። አንዱ ከአንድ ዛፍ ያጉረመርማል፤ ከሸለቆው ማዶ ሌላው ይመልሳል፤ ድምፁ ጫካውን ዞሮ እስኪመለስ ድረስ ይቆያል።

ከካቻ በእግር ከአካባቢው ሰው ጋር መሄድ ጫካው የማን እንደሆነ ያሳያል። የሐረና ሰዎች ከቀርከሃ የሠሩትን ቀፎ ረጅም ዛፍ ላይ ወጥተው ይሰቅላሉ፤ የዱር ቡናውን በወቅቱ ለቅመው ያደርቃሉ። ከብት አርቢዎቹ እንደ ወቅቱ በቆላና በደጋ መካከል ከመንጋቸው ጋር ይወጣሉ ይወርዳሉ፤ ይህ የቆየ ሥርዓት ጎዳንቱ ይባላል። ማርና ቡና ከእነሱ መግዛት፣ ፈረስ ከዲንሾ ሰው መከራየት፣ አስጎብኚ ከአካባቢው መያዝ፣ ፓርኩ ለጎረቤቶቹ ጥቅም እንዳለው የሚያሳይ ቀጥተኛ መንገድ ነው። ብር አዲስ አበባ ላይ አውጥቶ፣ ሁሉን ነገር ጭኖ መጥቶ፣ ቆሻሻ ብቻ ትቶ የሚሄድ ቱሪስት ለባሌ የሚጠቅመው ነገር የለም።

ስለ መኪናው ጥቂት ልበል። ሆዱ መሬት የማይነካ፣ አራቱም ጎማ የሚጎትት መኪና ለሳነቴና ለሐረና አስፈላጊ ነው፤ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ግዴታ ነው። በመኪና ጣሪያ ላይ የሚዘረጋው ድንኳን ዲንሾና ካቻ ላይ ተስማሚ ነው፤ ሳነቴ ላይ ግን ነፋሱ ያንገላታዋል፤ እዚያ መሬት ላይ የሚተከል፣ ዝቅ ያለ ድንኳን ይሻላል። መኝታ ያለው ተጎታች፣ ካራቫን የሚባለው፣ ይዞ ከውጭ የሚመጣ መንገደኛ አልፎ አልፎ ይታያል። ለእንዲህ ያለው ሰው ምክሬ ተጎታቹን ዲንሾ ወይም ጎባ አቁሞ፣ በመኪናው ብቻ እንዲወጣ ነው። የሳነቴ ቁልቁለት ጠመዝማዛዎች ለተጎታች የተሠሩ አይደሉም፤ ጉም ሲወርድ ደግሞ ከፊት የሚመጣውን የጭነት መኪና ማየት ያስቸግራል።

ጊዜውን በተመለከተ፣ ከኅዳር እስከ የካቲት ያሉት ወራት ደረቅ ናቸው፤ መንገዱ ይመቻል፣ ሰማዩ ይጠራል፣ ሌሊቱ ግን ከሁሉም ይከፋል። ጥቅምት ላይ መሬቱ ገና ርጥብ ቢሆንም አበባው ብዙ ነው። ከመጋቢት በኋላ ዝናቡ ይመጣል። የቀይ ቀበሮ ግልገሎች የሚወለዱት ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ በእነዚህ ወራት ጉድጓድ ያየ ሰው አይጠጋ፤ የተረበሸች እናት ግልገሎቿን በብርድ ተሸክማ ቦታ ትቀይራለች።

እሳቱን በተመለከተ የማያወላዳ አቋም አለኝ። ድንኳን ሲባል ብዙ ሰው የሚያስበው በእሳት ዙሪያ መቀመጥን ነው፤ ባሌ ላይ ግን አስታ ቆርጦ ወይም የኮሶ ቅርንጫፍ ለቅሞ ማንደድ መቅረት አለበት። በዚያ ብርድ ዛፍ የሚያድገው እጅግ በዝግታ ነው፤ የአስታው ጫካ ደግሞ በደረቅ ወራት በሰደድ እሳት ደጋግሞ የተጎዳ ነው። ለማብሰያ ጋዝ ይበቃል። እሳት የግድ ከሆነ፣ በተፈቀደበት ሰፈር ብቻ፣ ከዲንሾ ወይም ከጎባ ገበያ በተገዛ የባሕር ዛፍ እንጨት ይሁን። ውኃውም እንዲሁ ነው። ከባሌ የሚነሱት ወንዞች፣ ዌብና ወልመልን ጨምሮ፣ በኢትዮጵያ፣ በሶማሊያና በኬንያ ለሚኖሩ 12 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ውኃ እንደሚሰጡ ይነገራል። ሰሃን ምንጭ ውስጥ በሳሙና ማጠብና ወንዝ ዳር መጸዳዳት ከዚህ አንጻር የሚታይ ነገር ነው። ፌስታል፣ ጠርሙስ፣ የሶፍት ወረቀት ሁሉ በመጣበት መኪና ይመለሳል።

ድንኳን ለሌለው ሰውም መንገድ አለ። በዶዶላና በአዳባ ተራሮች፣ በጀርመን የልማት ድርጅት ድጋፍ በተጀመረ የደን ፕሮጀክት፣ በፈረስ እየተሄደ የሚታደርባቸው የእንጨት ቤቶች ተሠርተው ነበር፤ ዋሆሮ፣ አንጋፉና አዴሌ ከማደሪያዎቹ መካከል ናቸው። በሌላ አቅጣጫ፣ በስሜን ተራሮች ሳንቃበር፣ ግጭና ጨነቅ፣ በመንዝ ደግሞ ጓሳ፣ የራሳቸው ጽሑፍ የሚገባቸው ማደሪያዎች ናቸው።

ለመሄድ ያሰቡ ሁሉ ከመነሳታቸው በፊት የመንገዱንና የአካባቢውን ሁኔታ ከፓርኩ ጽሕፈት ቤት ይጠይቁ፤ ቢያንስ ሦስት ሌሊት ይመድቡ፤ አንዱን ለዲንሾ፣ አንዱን ለሳነቴ፣ አንዱን ለካቻ። ሁለት ብቻ ካላቸው ሳነቴን በቀን ይለፉትና ዲንሾና ካቻ ይደሩ። ልጆች ካሏቸውም ይዘዋቸው ይሂዱ፤ ደጋ አጋዘንን ከመጽሐፍ ላይ ብቻ የሚያውቅ የኢትዮጵያ ልጅ ሊኖር አይገባም።